የኢሚግሬሽን ፋይልዎን ከአሜሪካ መንግሥት በፎያ ለማስወጣት፦ ደረጃ በደረጃ

ጥያቄው በየሳምንቱ ይመጣል፤ አንዳንዱ በስልክ፣ አንዳንዱ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ አንዳንዱ ደግሞ የፍርድ ቤት ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው። «ያኔ ለጥገኝነት ያስገባሁትን ወረቀት ኮፒ አላስቀረሁም፤ ከመንግሥት ማግኘት እችላለሁ ወይ?» ነው የሚሉት። ይቻላል። በአሜሪካ የመረጃ ነጻነት ሕግ ወይም በአጭር አጠራሩ ፎያ መሠረት ማንኛውም ሰው የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለ እርሱ የያዘውን መዝገብ መጠየቅ ይችላል። ለመጠየቅ ዜጋ መሆን፣ ግሪን ካርድ መያዝ ወይም መዝገቡን ለምን እንደሚፈልጉት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት በአሜሪካ ለሚኖርና የራሱን ፋይል ራሱ ለመጠየቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። አዲስ ማመልከቻ ከመፈረምዎ በፊት የቀድሞውን ማየት የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለዜግነት በኤን-400 ቅጽ የሚሰጡት ቃል ከዓመታት በፊት በጥገኝነት ማመልከቻው ከሰጡት ቃል ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ይመረመራል። መርማሪው ሁለቱንም ይዞ እርስዎ አንዱን ብቻ ይዘው መቅረብ የለብዎትም።

ቀድመው የሚያዘጋጁዋቸው

- ኤ-ቁጥርዎ፣ ማለትም የኢሚግሬሽን መዝገብዎ መለያ ቁጥር። በግሪን ካርድ፣ በሥራ ፈቃድ ካርድ ወይም ከኢሚግሬሽን በተላከልዎ ደብዳቤ ላይ «ኤ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ፣ በአዳዲሶቹ ካርዶች ላይ ደግሞ «USCIS#» በሚለው ሥር ይገኛል። ስምንት አሃዝ ብቻ ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ጨምረው ዘጠኝ ያድርጉት።
- የመታወቂያ ግልጽ ፎቶ ወይም ስካን።
- ዘወትር የሚከፍቱት የግል ኢሜይል አድራሻ።
- የማመልከቻ መቀበያ ደረሰኞች፣ በእጅዎ ካሉ።
- ጉዳይዎ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ከሆነ የክስ ማስታወቂያው ወይም የቀጠሮ ወረቀቱ።
- እስከዛሬ የተጠሩባቸው ስሞችና የተመዘገቡ የልደት ቀናት ዝርዝር፤ ይህ በደረጃ 2 ተብራርቷል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአገር የመውጣት የመጨረሻ ትእዛዝ የተሰጠብዎ ከሆነ፣ ወይም በሌላ ስም ገብተው የሚያውቁ ከሆነ፣ ጥያቄውን ከመላክዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ጥያቄው ላይ የዛሬ አድራሻዎን ጽፈው የሚፈርሙት በሐሰት ቢሆን በሕግ እንደሚጠየቁ አውቀው ነው፤ የሚደርሰውም እዚያው ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው።

ደረጃ 1። ወረቀቱ የትኛው መሥሪያ ቤት እንዳለ ይለዩ

ብዙ ሰው ወራት የሚባክንበት እዚህ ላይ ነው። «ኢሚግሬሽን» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው በርካታ መሥሪያ ቤት ነው፤ አንዱ የሌላውን መዝገብ አይሰጥም።

ያስገቧቸው ማመልከቻዎች፣ የጥገኝነት ቅጹ አይ-589 ከነአባሪዎቹ፣ የቃለ መጠይቅ ማስታወሻዎች እና የግሪን ካርድ ጉዳይዎ የሚገኙት ኤ-ፋይል በሚባለው መዝገብ ውስጥ ነው። ይህን የሚጠይቁት ከዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት፣ ማለትም ከዩኤስሲአይኤስ ነው። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ዳኛ ፊት የቀረበ ጉዳይ ከሆነ የችሎቱ መዝገብና የድምፅ ቅጂው ያለው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ባለው የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች አስተዳደር ዘንድ ነው። እርስዎ ወይም ጠበቃዎ የራሳችሁን መዝገብ ያለ ፎያ ጥያቄ፣ በቀጥታ ከፍርድ ቤቱ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጉዳይዎ ፍርድ ቤት ይኑር አይኑር እርግጠኛ ካልሆኑ የፍርድ ቤቱን ነጻ የስልክ መስመር 1-800-898-7180 ደውለው ኤ-ቁጥርዎን ያስገቡ፤ ቀጣይ ቀጠሮ ካለ በድምፅ ይነግርዎታል።

የመግቢያና የመውጫ ቀን ብቻ ከፈለጉ ፎያ አያስፈልግዎትም፤ የቅርብ ዓመታቱን የአይ-94 መዝገብና የጉዞ ታሪክ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ላይ በነጻ ያሳያል። በድንበር ላይ ተይዘው የተጠየቁበትን መዝገብ ከፈለጉ ግን ለዚሁ መሥሪያ ቤት፣ በኢሚግሬሽን እስር ቤት የቆዩበትን ከፈለጉ ደግሞ አይስ ለሚባለው የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት የተለየ የፎያ ጥያቄ ያቅርቡ።

በኤምባሲ የተደረገ የቪዛ ጉዳይ፣ ዲቪም ጭምር፣ መዝገቡ ያለው በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዘንድ ነው። እዚያ ብዙ አይጠብቁ። የኢሚግሬሽን ሕጉ የቪዛ መዝገብን ምስጢር ስለሚያደርገው በአብዛኛው የሚመለስልዎ እርስዎ ራስዎ ያስገቡትና ለእርስዎ የተላከው ብቻ ነው፤ ቆንስሉ ለምን እንደ ከለከለ የጻፈውን አያገኙም።

ደረጃ 2። ስምዎንና የልደት ቀንዎን በሁሉም መልኩ ይጻፉ

ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም ደረጃዎች በላይ አስፈላጊው ይህ ይመስለኛል፤ የመንግሥቱ የመጠየቂያ ገጽ ደግሞ ስለዚህ ምንም አይነግርዎትም። መዝገብ ፈላጊው ሠራተኛ የሚፈልገው እርስዎ በጻፉት ፊደል ነው። ስም ካልገጠመ «መዝገብ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ፋይሉ ግን መደርደሪያው ላይ ነው።

የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። ስለዚህ በአንዱ ወረቀት ላይ የአባትዎ ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ሲገባ፣ በሌላው የአባት ስም መካከል ላይ ገብቶ የአያት ስም መጨረሻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የላቲን ፊደል አጻጻፉ አለ፤ ፀሐይ የምትባል ሴት በመጀመሪያው ቪዛዋ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ በጥገኝነት ማመልከቻዋ በ«ቲ» ብቻ ተጽፋ ልትገኝ ትችላለች። ጋብቻ ላይ የባል ስም የወሰዱም አሉ። አንድ ጊዜ የረዳኋት እናት ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለት ጊዜ «የለም» ተብላ ነበር፤ በሦስተኛው የቀድሞ ፓስፖርቷ ላይ የነበረውን አጻጻፍ፣ አንድ «ኤች» የጎደለውን፣ ስንጨምር ፋይሉ ወጣ።

እንዲህ ያድርጉ፦ ወረቀት ይዘው በፓስፖርት፣ በቪዛ፣ በስደተኛ ካምፕ መታወቂያ፣ በማመልከቻና በግሪን ካርድ ላይ የተጻፈውን እያንዳንዱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይቅዱ። ከዚያ ቅጹ «ሌሎች የተጠቀሙባቸው ስሞች» በሚለው ቦታ ሁሉንም ያስገቡ። ብዙ ስም መጻፍ ጥርጣሬ ያስነሣብኛል ብለው አይፍሩ፤ ቦታው የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። መስከረም 5 ቀን 1975 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1982 ነው። «8 ጨምር» ብሎ የሰማ ሰው 1983 ይጽፋል፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን ስለማያውቅ። ሌላው ሰው ጭራሽ ሳይቀይር 1975 ብሎ ያስገባል። በአሜሪካ ደግሞ ወር ከቀን ይቀድማል፤ እርስዎ ቀንን አስቀድመው ከጻፉ 5ኛው ወር ሆኖ ይነበባል። እናም ቅጹ ላይ ዋና አድርገው የሚጽፉት ትክክለኛ ነው የሚሉትን ቀን ሳይሆን የኢሚግሬሽን ወረቀትዎ ላይ ያለውን ቀን ነው፤ ስሕተትም ቢሆን። ትክክለኛውን ቀን በማብራሪያው ቦታ ላይ ይጨምሩት። የቀን ማስተካከያ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የሚፈልጉት ፋይሉ እንዲገኝ ብቻ ነው።

ደረጃ 3። በኢንተርኔት አካውንት ይክፈቱ

ዩኤስሲአይኤስ የፎያ ጥያቄ የሚቀበልበት፣ ፈርስት የሚባል የኢንተርኔት ሥርዓት አለው። በራስዎ ስምና በራስዎ ኢሜይል አካውንት ከፍተው ይግቡ። ቀድሞ በጂ-639 ቅጽ በፖስታ መላክ የተለመደ ነበር፤ አሁን ግን በኢንተርኔት ይጠይቁ፤ መልሱም የሚወርደው በዚሁ አካውንት ውስጥ በመሆኑ በኢንተርኔት የጠየቀ ሰው መዝገቡ የት እንደ ደረሰ በየጊዜው ማየት ይችላል።

የወንድም ልጅ ወይም የሰፈር ወዳጅ ኢሜይል አይጠቀሙ። ፋይልዎ ውስጥ በአገር ቤት የደረሰብዎ ነገር፣ የቤተሰብ ስም፣ የጤና ወረቀት ሁሉ አለ፤ መልሱ በሌላ ሰው አካውንት ከወረደ ያ ሰው ሁሉንም ያነባል።

ደረጃ 4። የሚፈልጉትን በዝርዝር ይግለጹ

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። «ስለ እኔ ያላችሁን ነገር ሁሉ ላኩልኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይፈቀዳል፣ ግን ዋጋ አለው። መሥሪያ ቤቱ ጥያቄዎችን በመስመር ይከፍላቸዋል፤ አንድ ወይም ጥቂት ሰነድ የሚጠይቁ ቀላል ጥያቄዎች በመጀመሪያው መስመር፣ ሙሉ ፋይል የሚጠይቁ በሁለተኛው፣ ዳኛ ፊት ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች ጥያቄ በሦስተኛው ፈጣን መስመር ይሄዳል። አንድ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ሙሉ ፋይል ጠይቆ ሁለተኛው መስመር ላይ ይሰለፋል፤ አያስፈልግም ነበር።

ለምሳሌ እንዲህ ብለው ይዘርዝሩ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስገባሁት አይ-589 ማመልከቻ ከነአባሪዎቹና ከነትርጉሞቹ፣ የጥገኝነት መኮንኑ በቃለ መጠይቁ ወቅት የያዘው ማስታወሻ፣ የተላከልኝ የውሳኔ ደብዳቤ። ዓመቱን፣ የቅጹን ቁጥርና ያስገቡበትን ከተማ ይጨምሩ። ጠበቃ የያዘው ውስብስብ ጉዳይ ከሆነ ግን ሙሉውን ፋይል መጠየቅ ይሻላል፤ ጠበቃው የሚፈልገው እርስዎ የረሱትን ነው።

የፍርድ ቤት ቀጠሮ ካለዎት የክስ ማስታወቂያውን ወይም የቀጠሮ ወረቀቱን አያይዙ፤ ሳያያይዙ ፈጣኑ መስመር አይከፈትልዎትም። ከዚህ ውጭ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል አስቸኳይ ምክንያት ካለ የማፋጠን ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ ለማፋጠን ጥያቄው በ10 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። የሥራ ፈቃድ መዘግየት ወይም የትኬት ቀን በዚህ ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 5። ማንነትዎን ያረጋግጡና ይፈርሙ

የጥገኝነት መረጃ ምስጢር ስለሆነ ለማንም ሦስተኛ ወገን ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሰጥም። ፊርማው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ወይ በኖተሪ ፊት ይፈርማሉ፣ ወይ «በሐሰት ከሆነ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ» በሚለው ቃል ሥር ይፈርማሉ፤ ሁለተኛው ነጻ ነው፣ ሕጋዊ ኃይሉም ያው ነው። ጠበቃ ወይም ሌላ ሰው የሚጠይቅልዎ ከሆነ ፈቃድ መስጠት የሚጠበቅብዎ እርስዎ ነዎት፤ ይህንኑ የሚጠይቅ ኢሜይል ሊላክልዎ ስለሚችል የማይፈለጉ መልእክቶች የሚጠራቀሙበትን ሳጥን ጭምር ይመልከቱ።

ክፍያን በተመለከተ ጥያቄውን ሲያስገቡ እስከ 25 ዶላር ለመክፈል እንደ ተስማሙ ይቆጠራል። ለራሱ ፋይል ለሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያው 2 ሰዓት ፍለጋና የመጀመሪያው 100 ገጽ ነጻ ነው፤ አብዛኛው ሰው በተግባር ምንም አይከፍልም። በመቶ የሚቆጠር ዶላር ከፍለው «በውስጥ ሰው አስወጣልሃለሁ» ለሚል ሰው ፊርማዎን አይስጡ።

ደረጃ 6። ቁጥሩን ይያዙ፣ ቀኑን ይቁጠሩ

ካስገቡ በኋላ የመቆጣጠሪያ ቁጥር ይሰጥዎታል። ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት፤ ያለ እርሱ ስልክ ላይ ማንም አይረዳዎትም።

ሕጉ ለመሥሪያ ቤቱ 20 የሥራ ቀናት ይሰጠዋል። ቅዳሜ፣ እሑድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም፤ ስለዚህ አራት ሳምንት ገደማ ነው። ፋይሉ ሩቅ ቦታ ከሆነ ወይም በጣም ብዙ ገጽ ካለው፣ በጽሑፍ አስታውቆ 10 የሥራ ቀናት ሊጨምር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በካሊፎርኒያ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በኤ-ፋይል ጥያቄዎች ላይ የተከመረው እንዲጸዳና ቀነ ገደቡ እንዲከበር ማዘዙ ይታወሳል። እንዲያም ሆኖ ጠበቃዎ ፋይሉን ከሚፈልግበት ቀን ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድመው ይጠይቁ ብዬ እመክራለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የፎያ ጥያቄ ሌላ ምንም ቀነ ገደብ አያቆምም። አሜሪካ ከገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥገኝነት የመጠየቅ ገደቡ፣ የይግባኝ ቀኑ፣ የችሎት ቀጠሮው እንዳሉ ይቀጥላሉ። «ፋይሌን እየጠበቅሁ ነበር» ብለው ቀን ካሳለፉ ምክንያትዎ ተቀባይነት ማግኘቱ በጣም አጠራጣሪ ነው።

ደረጃ 7። መልሱን ከደብዳቤው ጀምረው ያንብቡ

መልሱ ሲወርድ ሰው ሁሉ ቀጥታ ወደ ገጾቹ ይሄዳል። አስቀድመው ደብዳቤውን ያንብቡ። ስንት ገጽ በሙሉ እንደ ተሰጠ፣ ስንቱ በከፊል እንደ ተሸፈነ፣ ስንቱ ጨርሶ እንደ ተከለከለና ስንቱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እንደ ተላከ በቁጥር ይገልጻል። ወደ ሌላ የተላከው ለብቻው በሌላ ጊዜ ይመጣልዎታል፤ ጠፋ ማለት አይደለም።

በተሸፈነው ቦታ ላይ አጫጭር ምልክቶች ያያሉ። ቢ6 እና ቢ7ሲ የሌላ ሰው የግል መረጃን፣ ለምሳሌ የባለሥልጣን ስምን ይሸፍናሉ። ቢ7ኢ የምርመራ ስልትን ነው። ቢ5 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከውሳኔ በፊት በውስጡ የተመካከረበትን ይመለከታል፤ የጥገኝነት ጉዳይ ላይ ብዙ የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው። የጥገኝነት መኮንኑ ጉዳዩን ወደ ዳኛ ሲመራ የሚጽፈው የግምገማ ጽሑፍ በዚህ ምልክት ይከለከላል፤ የዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 እና እንደገና በ2024 መሥሪያ ቤቱ መከልከሉን ደግፏል። ስለዚህ ለዚያ አንድ ጽሑፍ ብቻ ብለው ይግባኝ ላይ ጊዜ አይፍጁ። መኮንኑ በቃለ መጠይቁ ወቅት እርስዎ የተናገሩትን የመዘገበበት ማስታወሻ ግን የተለየ ሰነድ ነው፤ እርሱ ከጎደለ ይጠይቁ።

ገጾቹን ሲያነቡ እርሳስ ይዘው ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ቀኖች፣ የሰው ስሞችና የቦታ ስሞች። አስተርጓሚው «አጎቴ» ያሉትን «ወንድሜ» ብሎ እንደሆነ፣ የታሰሩበት ወር በሁለት ወረቀት ላይ የተለያየ እንደሆነ ያኔ ይታያል። ያገኙትን ልዩነት በራስዎ አያርሙ፤ ምልክት አድርገው ለጠበቃው ያሳዩ።

ደረጃ 8። ካልተስማሙ ይግባኝ ይበሉ

እ.ኤ.አ. በ2016 በፎያ ሕግ ላይ የተደረገው ማሻሻያ ለባለጉዳይ የጠቀመው በዋናነት እዚህ ነው። ይግባኝ ለማለት ቢያንስ 90 ቀን እንዲሰጥ አዟል። መሥሪያ ቤቱ አንድን መረጃ ሲከለክልም ምልክት ለጥፎ ማለፍ አይበቃውም፤ በሕግ ካልተከለከለ በቀር ቢገለጥ ሊደርስ የሚችል፣ አስቀድሞ የሚታይ ጉዳት መኖር አለበት። ይግባኙ ላይ ይህን ነጥብ በስሙ ያንሡት።

ይግባኝ አጭር ደብዳቤ ነው። የመቆጣጠሪያ ቁጥሩን፣ የመልሱን ቀን፣ የሚቃወሙትን ገጽ ቁጥርና ምልክት ይጻፉ። ጠንካራ ሆኖ የማገኘው ግን «ፍለጋው በቂ አልነበረም» የሚለው ነው። ለምሳሌ ከላኩልዎ 214 ገጽ ውስጥ የአይ-589 ማመልከቻዎ ከሌለ፣ የማመልከቻው መቀበያ ደረሰኝ በእጅዎ ካለ፣ ደረሰኙን አያይዘው «በዚህ ቀን ተቀብላችሁኛል፣ በላካችሁት ውስጥ የለም፣ በድጋሚ ፈልጉ» ይበሉ። ወረቀት የያዘ ይግባኝ ቁጣ ከያዘው ይልቅ ይሠራል። ለይግባኙም መልስ የመስጫው ጊዜ 20 የሥራ ቀናት ነው።

በዚህ መሐል ነጻ እርዳታ አለ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የፎያ ባለጉዳዮችን የሚያነጋግር ሠራተኛ አለው፤ ከእርሱ በላይ ደግሞ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሥር ኦጂስ የሚባል፣ በጠያቂና በመሥሪያ ቤት መካከል የሚያሸማግል ቢሮ አለ። ሁለቱም በመልስ ደብዳቤው ላይ ተጠቅሰው ያገኟቸዋል። ሽምግልናው የይግባኝ ቀኑን ስለማያስቆም ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኪዱ። ቀነ ገደቡ አልፎ ምንም መልስ ካልመጣ ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል፤ ይህን ያለ ጠበቃ አይሞክሩት።

ተደጋግመው የማያቸው ስሕተቶች

- የፍርድ ቤት መዝገብን ከዩኤስሲአይኤስ መጠየቅ፣ ወይም በተገላቢጦሽ።
- አንድ ጥያቄ ልኮ መልስ ሲዘገይ ሁለተኛና ሦስተኛ መላክ። ተመሳሳይ ጥያቄ ቢደጋገም ወረፋው አይፋጠንም፤ ያደናግራል።
- ባልና ሚስት በአንድ ጥያቄ መጠየቅ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ኤ-ቁጥርና የራሱ ፊርማ ያለው የተለየ ጥያቄ ያቅርብ።
- ከአድራሻ ለውጥ በኋላ ዝም ማለት።
- ኦሪጅናል ሰነድ መላክ። ስካን ይበቃል።
- የተሸፈነ ገጽ ሲያዩ «የደበቁኝ ነገር አለ» ብሎ መደናገጥ። በብዛት የሚሸፈነው የሠራተኞች ስምና የስልክ ቁጥር ነው።

ለልጅና ለሟች ዘመድ

ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ፋይል የሚጠየቀው በወላጅ ፊርማ ሲሆን የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ይያያዛል፤ በአማርኛ ከሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጭምር። የሞተ ሰው ፋይል ሲጠየቅ የሟቹ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሞት ምስክር ወረቀት ወይም በጋዜጣ የወጣ የሐዘን ማስታወቂያ ይበቃል። አገር ቤት ላረፈ ሰው የወረዳው የሞት ምዝገባ ወረቀት ከነትርጉሙ ያቅርቡ። በዚህም ጊዜ የደረጃ 2ን የስም ዝርዝር አይርሱ፤ አባትዎ በአሜሪካ ወረቀታቸው ላይ በአያትዎ ስም ተመዝግበው ሊሆን ይችላል።